«በሬ» ብሎ የፈለገ የትኛውን በሬ ያግኝ?

የቁም እንስሳት ንግድ ከገበያ ሜዳ ወደ ስልክ እየገባ ነው። ሰንጋ፣ ሙክትና ግመል በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በሽያጭ ድረ ገጾች ይለጠፋል፤ ገዢውም የፈለገውን ቃል ጽፎ ይፈልጋል። ስለዚህ ገበያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የፎቶው ጥራት፣ የኔትወርኩ መቆራረጥና የክፍያው መንገድ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ግን ነጋዴው የጻፈው ቃል ወደ ትክክለኛው የእንስሳ ምድብ መድረሱ ነው። ቃሉ ሌላ ቦታ ከወደቀ የፎቶው ማማርም ሆነ የዋጋው መርከስ ለነጋዴው አይጠቅመውም።

«በሬ» የሚለውን ቃል ማየት ይበቃል። ገበሬው በሬ ሲል ቀንበር የለመደ የእርሻ በሬ ማለቱ ነው። ሥጋ ቤት ያለው ሰው የደለበ ሰንጋ ይፈልጋል። ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ በርበራ የሚያስጭነው ላኪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ወይፈንና ያልተኮላሸ ኮርማ ላይ ነው። ሦስቱም የጻፉት አንድ ቃል ነው፤ እንስሳው፣ ዋጋውና መንገዱ ግን ይለያያል። ላሙንም፣ ጊደሩንም፣ ጥጃውንም «ከብት» በሚል አንድ ቅርጫት ደባልቆ የሚያቀርብ ገጽ ለአንዳቸውም አይጠቅምም። ነጋዴውን ሳይጠይቅ «የእርሻ በሬ ነው የፈለገው» ብሎ ሌላውን ሁሉ የሚደብቅ ገጽ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ላኪው ኮርማ የለም ብሎ ያልፋል፣ ሻጩም ገዢ ጠፋ ይላል።

ደላላው ይህን ችግር ከፈታው ቆይቷል። «በሬ አለ?» ሲባል «ለምንድን ነው?» ይላል፤ ቀጥሎም «ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ይጠይቃል። በሁለት ጥያቄ የማይሆነውን ሁሉ ያስወጣል። የመሸጫ ገጾችም የሚያሻቸው ይኸው ነው። ቃሉ ሁለት ሦስት ነገር ሊሆን የሚችል ከሆነ ገጹ ራሱ ከሚወስን ይልቅ ምርጫዎቹን ዘርዝሮ ነጋዴው በአንድ ንክኪ እንዲለይ ያድርግ።

የድንበር ተሻጋሪ ንግድ ሌላው ፈተና የቋንቋ ብዛት ነው። ፍየል በሞያሌ ገበያ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም፣ ስዋሂሊም ስም አላት። ሶማሊኛው «አዲ» እና ዓረብኛው «ገነም» በግንም ፍየልንም በአንድ ላይ ይጠራሉ፤ ቃሉን ወደ በግ ብቻ የሚወስድ ገጽ ፍየሉን ሁሉ ከገዢው ዓይን ይሰውራል። በአማርኛም ቢሆን «ሰንጋ» እና «ሠንጋ» አንድ መሆናቸውን የማያውቅ ፍለጋ ግማሹን ገበያ ሊያሳጣ ይችላል።

በባሕር ማዶ ያለው ገዢ ደግሞ የራሱ ስም አለው። የሳዑዲ ገበያ ከሶማሌ ጠረፍ የሚመጣውን በግ «በርበሪ»፣ ከሱዳን የሚመጣውን «ሰዋክኒ» ይለዋል። ሁለቱም የወደብ ስሞች ናቸው፦ በርበራና ሱዋኪን። ሻጩ «ጥቁር ራስ በግ» ብሎ ሲለጥፍ ገዢው «በርበሪ» ብሎ ይፈልጋል። እነዚህን ስሞች አንድ ላይ ያላሰረ ገጽ እንስሳውና ገዢው እያሉ እንዳይገናኙ ያደርጋል።

ማጣሪያዎቹም ከንግዱ መነሣት አለባቸው። በገጠር የልደት ቀን የሚመዘግብ አርቢ ጥቂት ነው፤ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርስ ነው። ስለዚህ «ስንት ወር» ከሚል ሳጥን ይልቅ «የወተት ጥርስ፣ ሁለት ጥርስ፣ አራት ጥርስ፣ የሞላ» የሚል ምርጫ ይሻላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለአረፋ መሥዋዕት ፍየል 1 ዓመት፣ ከብት 2 ዓመት፣ ግመል 5 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ዕድሜው ሳይሞላ የተጫነ እንስሳ ለዚያ ገበያ አይሆንም። የተኮላሸና ያልተኮላሸ የሚለውም ራሱን የቻለ ማጣሪያ ይገባዋል። ወንድና ሴት ብሎ መለየት ብቻውን ኮርማን ከሰንጋ፣ ወጠጤን ከሙክት አይለይም።

እንስሳው ያለበት ቦታና የጤና ወረቀቱም እንዲሁ ናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአፍሪካ ቀንድን እንስሳት ከልክላ፣ ለሶማሊያ እንስሳት በሩን መልሳ የከፈተችው በ2009 ነው። ያንን ዘመን ያየ ነጋዴ «ከየት አገር» የሚለው ማጣሪያ ስለ ኪሎ ሜትር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ማጣሪያው የሚጥለው ነው። ሚዛን የሌለው አርቢ የክብደት ሳጥኑን ባዶ ይተወዋል። ገዢው «ከ300 ኪሎ በላይ» ብሎ ሲያጣራ የዚህ አርቢ ኮርማ 350 ኪሎ ቢሆንም ከዝርዝሩ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ በስልክ ገበያ የሚታየው ሚዛን ያለው ማድለቢያ ብቻ ይሆናል። መረጃው ያልተሞላ እንስሳ «ክብደቱ ያልተገለጸ» ተብሎ ከታች ይቀመጥ እንጂ አይጥፋ።

«ከብት በዓይንና በእጅ ተዳስሶ እንጂ በስልክ አይገዛም» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ልክ ናቸው፤ ጀርባውን ሳይዳስስና አረማመዱን ሳያይ ገንዘብ የሚያወጣ የለም። ነገር ግን የስልኩ ፍለጋ የሚወስነው አይሱዙው ወደ የትኛው ገበያ እንደሚነሣ ነው። በተሳሳተ ዝርዝር ዱብሉቅ ወይም ጅግጅጋ ድረስ ሄዶ የፈለገውን ያጣ ነጋዴ የነዳጁን፣ የሹፌሩንና የቀኑን ወጪ ከኪሱ ይከፍላል።

አከፋፈሉ ከባዶ የሚጀመርም አይደለም። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የሠራው ሊንክስ የተባለው የገበያ መረጃ ሥርዓት ዋጋ ይሰበስብ የነበረው በእንስሳ ዓይነት፣ በዝርያ፣ በፆታ፣ በዕድሜና በደረጃ እየለየ ነው። የመሸጫ ገጽ የሚሠሩ ወጣቶች ከውጭ የልብስና የስልክ መሸጫ ምድብ ከሚገለብጡ ከዚህ ቢነሡ፣ ቃላቱንም ከደላሎችና ከላኪዎች ጋር ተቀምጠው ቢሰበስቡ ይሻላቸዋል።

ነጋዴውም ድርሻ አለው። «ምርጥ በሬ፣ ይደውሉ» ብሎ የሚለጥፍ ሻጭ የትኛውም ፍለጋ አያገኘውም። ጥርሱን፣ መኮላሸቱን፣ ያለበትን ቦታና የክትባት ወረቀቱን የጻፈ ሻጭ ግን ትክክለኛው ገዢ እንዲደውልለት መንገዱን ከፍቷል።