ቀዶ ሕክምናን ስለ መፍራትና እንገርን ስለ መድፋት





እኔ በዋግ ኽምራ፣ በፃግብጂ ወረዳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በቅርቡ አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፤ በቀዶ ሕክምና የተወለደ ልጅ ጠባዩና አእምሮው ይበላሻል የሚባለው እውነት ነው? ነፍሰ ጡር እኅቴ ይህን ሰምታ፣ ሐኪም ቢያዝ እንኳ እሺ አልልም ብላለች» ስትል ጠየቀችኝ። ነገሩ የአንድ ቤተ ሰብ ብቻ ስላልሆነ መልሱን ለሕዝብ ማቅረብ ይገባል ብዬ አሰብሁ።

ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። በሰው አንጀት ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደሉም። ሕፃን የመጀመሪያዎቹን በብዛት የሚቀበለው ሲወለድ ከእናቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በ596 ሕፃናት ላይ የተደረገ ምርመራ ታትሞ እንደ ወጣው፣ በቀዶ ሕክምና በተወለዱት አንጀት ውስጥ ከእናት የሚወረሱት አንሰው፣ በሆስፒታል የሚገኙት በዝተው ታይተዋል። ከአንጀት እስከ አንጎል ደግሞ ቬገስ የሚባል ነርቭ ተዘርግቶ መልእክት ያመላልሳል። የጃፓን ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ2004፣ ያለ ባክቴሪያ ያደጉ አይጦች ጭንቀት ሲደርስባቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚታወኩ፣ ገና በልጅነታቸው ባክቴሪያ ቢሰጣቸው ግን እንደሚሻላቸው አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ፣ በቀዶ ሕክምና የተወለደ ልጅ አእምሮው ይበላሻል ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። አይጥ ሰው አይደለም። በእንግሊዝ የታየውም ልዩነት ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ዕድሜ በብዙ ጠብቧል። በስዊድን ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ልጆች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ሲገለጽ፣ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ኦቲዝም በጥቂቱ በዝቶባቸው ነበር፤ ነገር ግን ወንድም ከወንድሙ፣ እኅት ከእኅቷ ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ጠፋ። ስለዚህ ምክንያቱ በቤተ ሰብ ውስጥ ያለ ሌላ ነገር እንጂ ቀዶ ሕክምናው ራሱ አይመስልም።

ለሕፃን አንጎል በእርግጥ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ምጥ ጸንቶ ሲውል ሲያድር ሕፃኑ አየር ያጥረዋል፤ ከሞት ቢተርፍ እንኳ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት በአዲስ አበባ ከመቶ 21 ሲሆኑ በአገሪቱ በጠቅላላው ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቀዶ ሕክምና እስከ መቶ 10 ሲደርስ የእናቶችና የሕፃናት ሞት እንደሚቀንስ፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን ይህ ጥቅም እንደማይታይ ገልጿል። ያለ ምክንያት መቀደድ በከተማ ሊያሳስብ ይችላል፤ የእኛ የገጠሮቹ ችግር ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት አለማግኘት ነው። በስንት ድካም ሐኪም ዘንድ የደረሰች እናት በወሬ ፈርታ ብትመለስ ጉዳቱ የማን ነው?

ስለ ሕፃን አንጀት የምናስብ ከሆነ በእጃችን ያለውን እናድርግ። በጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው፣ ለወዳጆቹ ባክቴሪያዎች ብቻ ምግብ የሚሆን ስኳር አለ። እንግዲህ ቢጫውን እንገር «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ መድፋት፣ አራሱንም ገና ጡት ሳይዝ ቅቤ ማስላስ ይቅር። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ 6 ወርም ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይቅመስ። በቀዶ ሕክምና የተወለደውማ ይህ ይበልጥ ያስፈልገዋል። አንቲባዮቲክም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃን አይሰጥ።

ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዲጠፋ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በአገራችን ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ቃል ኪዳኑ ግን የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ የአባት፣ የአያትና የአዋላጅም ነው። ለተማሪዬም፣ «እኅትሽ ሐኪሙን ትስማ፤ ልጇንም ቶሎ ታጥባ» ብዬ መለስሁላት።



አንድ መምህር
ከፃግብጂ