የሰው ወይስ የከብት?

ባለፈው እሑድ በአንድ የሰርግ ድንኳን ውስጥ አንዲት ወጣት «ዶክተር ናት» ተብላ ለጠረጴዛው እንግዶች ተዋወቀች። ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ ጊዜ አላጠፋም፤ «የሰው ወይስ የከብት?» አለ። «የከብት» ስትለው ጠረጴዛው በሳቅ ደመቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ለምዳዋለች።

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ግን አልለመደውም። ከዚህች ጥያቄ ጋር ያለው ጠብ የቆየ ነው። የዘንድሮውን ያባሰው ቀኑ ነው። ሰርጉ የተደገሰው የዓለም የእንስሳት ሐኪሞች ቀን በዋለ ማግሥት ነበር። የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 የአፕሪልን የመጨረሻ ቅዳሜ ለእነዚህ ሰዎች ሰይሟል፤ እኛ ዘንድ ሚያዝያ ላይ፣ ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን ይውላል። በዓመት አንዲት ቀን ናት።

ሳቁ ሲበርድ አጠገቧ የነበሩ አንዲት እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ ሥራው ግን አይከብድም?» አሏት። ከልብ የጠየቋት ነበርና እሷም ከልብ መለሰች። የዚያን ሳምንት ሐሙስ የሆነውን አወራቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት የተጠራችው ማታ ደኅና ሲያመነዥክ አምሽቶ ሌሊት ስለሞተ በሬ ነበር። ስትደርስ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጠቆር ያለ የማይረጋ ደም ይወርድ ነበር። ይህን ያየ የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው አባ ሰንጋን ነው። የቤቱ ልጆች ቢላ ስለዋል፤ ጎረቤትም ሥጋውን ለመካፈል ተሰብስቧል። እሷ ግን «እንዳትነኩት» ማለት ነበረባት። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት ከተከፈተ ጀርሙ አየር ያገኝና ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ሥጋውን የበላ ብቻ ሳይሆን ቆዳውን የገፈፈም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከነቆዳው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል፣ ወይም ይቃጠላል። ጥማድ በሬው የጎደለበት ቤተሰብ በዚያው ጠዋት ሥጋውንም የቆዳውንም ዋጋ አጣ፤ ያሳጣቻቸው ደግሞ እሷ ሆነች።

ገበሬው አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት እንደነበር ተናግራለች። «ልጄ፣ በሬዬን ልታድኚ የመጣሽ መስሎኝ ነበር» ብቻ አላት። ጉድጓዱ ተቆፍሮ እስኪያልቅ እዚያው ቆመች፤ ከዚያ ሞተር ብስክሌቷን አስነሥታ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደች። የምትወልድ ላም ተቸግራ ነበር።

ሰው የሞተበት ሐኪም ሲያዝን አይዞህ የሚለው አያጣም። ለበሬ ያዘነ ሐኪም ግን ኀዘኑን ይዞት ቤቱ ይገባል። ማንም ለቅሶ አይደርሰውም። ቢናገር እንኳ «ለከብት?» ይባላል፤ ስለዚህ አይናገርም። ለዚህ ነው ያቺ የድንኳን ሳቅ ለጸሐፊው ቀላል ሆና ያልታየችው። ሐኪሟ የደረሰባትን ለማንም እንዳታወራ አፏን የምትዘጋው እንዲህ ያለችው ሳቅ ናት።

ዝምታው የሚያደርሰው ጉዳት በሌላ አገር ተቆጥሯል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ከ1979 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የሞቱ የእንስሳት ሐኪሞችን መዝገብ መርምረው ነበር። ሴት ሐኪሞች ራሳቸውን የማጥፋታቸው ዕድል ከቀረው ሕዝብ 3.5 እጥፍ፣ የወንዶቹ ደግሞ 2.1 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በብሪታንያ የተደረጉ ጥናቶችም ከ3 እስከ 4 እጥፍ የሚደርስ ልዩነት አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በውሾችና በድመቶች ጠባይ ዕውቀቷ የተከበረችው ዶክተር ሶፊያ ዪን ገና በ48 ዓመቷ በዚህ መንገድ ስታልፍ ሙያው በሙሉ ደነገጠ። በዚያው ዓመት አንዲት የሙያ ባልደረባ «ኖት ዋን ሞር ቬት» የሚባል መረዳጃ መሠረተች፤ ከእንግዲህ አንድም ሐኪም እንዳይጨመር ማለት ነው። መነሻው ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው «ዛሬ ምን ሆንሽ?» የሚባባሉበት ቦታ ነበር። የሚጠይቃቸው ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሳቸው ይጠያየቁ ጀመር።

የእንስሳት ሐኪም ጠዋት ቡችላ ከትቦ፣ ረፋድ ላይ 14 ዓመት ከአንድ ቤተሰብ ጋር የኖረን ውሻ በመርፌ ያሳርፋል፤ የሚያለቅሱትን ልጆች አጽናንቶ፣ ፊቱን ጠርጎ፣ በሚቀጥለው ክፍል አዲስ ድመት ይዞ የመጣውን ሰው በፈገግታ ይቀበላል። መዳን የሚችል እንስሳ ባለቤቱ ገንዘብ ስለሌለው ብቻ እንዲሞት የሚጠየቀውም እሱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እናንተ ገንዘብ እንጂ እንስሳ አትወዱም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የአፍና የእግር በሽታ ሲገባ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ፤ ብዙዎቹ ጤነኞች ነበሩ፣ የተገደሉት የታመመ መንጋ አጠገብ በመገኘታቸው ነው። ያንን ያስፈጸሙት ለማዳን የተማሩ ሰዎች ናቸው። ገበሬው በኩሽናው መስኮት እያያቸው ከበግ ወደ በግ ሄዱ።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እዚህ አገር ለውሻ የሚያለቅስ ማን አለ?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች አንድ ገበሬ በሬው ሲሞት አጠገቡ ቆመው አያውቁም።

እዚህ አገር ሸክሙ በሌላ በኩል ይመጣል። የውጭው ሐኪም መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አለ፤ የሚከብደው ባለቤቱ መክፈል ሲያቅተው ነው። የወረዳው ሐኪም ግን መድኃኒቱን ያውቀዋል፣ ስሙንም መጠኑንም ይነግራችኋል፣ መደርደሪያው ላይ ግን የለም። ወይም አለ፣ የሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ የለም። ሲደርስ ገበሬው ጥማዱን በጨው አሽቶ፣ በጋለ ብረት ተኩሶ፣ ተስፋ ቆርጦ ጨርሷል፤ ሐኪሙ የሚደርሰው ለመጨረሻዋ ሰዓት ነው። እንስሳው ሲሞት «ዶክተሩ መጥቶ ሞተ» ይባላል።

ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ የሚበልጣት የለም። ቁጥሩ በየንግግሩ በኩራት ይጠቀሳል። ከብቱን የሚጠብቁት ሰዎች ግን አብረው አይነሡም። በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ጋናና ሐጋያ የሚባሉት ዝናቦች ተከታትለው ቀሩ፤ 5 የዝናብ ወቅት። በዚያን ጊዜ እዚያ የነበረ የእንስሳት ሐኪም የተማረው ሁሉ ምን ያደርግለታል? ለረሃብ ክትባት የለም። አርብቶ አደሩ በየማለዳው ላሞቹን በጭራና በጎን ደግፎ ያነሣል፤ የተነሡት ቆመው ይውላሉ፣ ያልተነሡት እዚያው ይቀራሉ። ሐኪሙ «ሥጋ ሳያልቅባቸው እረዱ» ብሎ ይመክራል። ሰውዬው ደግሞ እያንዳንዷን ላም በቀለሟና በዘሯ ያውቃታል፤ እናቷን ያሳደገው እሱ ነው። 6 ዓመት ገደማ የተማረ ሰው በመጨረሻ የሰጠው ምክር ይህ ሆነ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላሰበው አንድ ነገር መጣበት፦ ደስታ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ።

ይህ በሽታ ሙያውን ራሱን የወለደ በሽታ ነው። ክሎድ ቡርዤላ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1761 በሊዮን ከተማ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፍት የአውሮፓን ከብት እየጨረሰ የነበረው ይኸው በሽታ ነበር። ወደ እኛ የመጣው በ1880 ዓ.ም. ገደማ የጣልያን ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር ነው። ከ10 ከብት 9ኙ እንዳለቁ ይገመታል። ድርቅና አንበጣ ተጨምሮበት እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ዘመን ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፣ ክፉ ቀን ነው። የሚያርስ በሬ ስለጠፋ ሰው መሬቱን በዶማ ቆፈረ፤ አጼ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው በገዛ እጃቸው መቆፈራቸው ተጽፏል። አንድ በሽታ ከብቱን ሲጨርስ ሰው ምን እንደሚሆን ከዚህ አገር የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ያ በሽታ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ሥራው የሐኪሞችና የክትባት ሰዎች ነበር። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ ሆኖ አስተማማኙን ክትባት ሠራ። ክትባቱ ግን በረዶ ይፈልግ ነበር፤ በረዶ ደግሞ አፋር በረሃ አይደርስም። ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቹ ሙቀት የሚችለውን ዓይነት ሠሩ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአፋር ጎሳዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው አርብቶ አደሮች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ይዘው፣ መኪና በማይገባበት በእግራቸው እየሄዱ ከብት ከተቡ። እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ በሽታው እዚያ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ተመሰከረላት።

የእነዚያ ሰዎች ስም በየትኛው አደባባይ ነው የተጻፈው? ክፉ ቀንን በየትምህርት ቤቱ እናስተምራለን፤ ክፉ ቀን ተመልሶ እንዳይመጣ ያደረጉትን ግን አንድም ተማሪ አይጠራቸውም። ቦታቸውም ሩቅ አይደለም፤ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት መንገድ ናት። የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ እዚያ ነው፣ ክትባት የሚመረትበት ብሔራዊ ተቋም እዚያ ነው፣ የመላው አፍሪካ የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚፈተሽበት የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም እዚያው ነው። ለሐይቁ የሚሄደው ሰው ሁሉ በአጠገባቸው ያልፋል።

አሁን ደግሞ እነዚሁ ሐኪሞች የበግና የፍየል ደስታ የሚባለውን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ተነሥተዋል። እንደገና በእግር፣ እንደገና ከመንደር መንደር። የሚወጋ መርፌ ያስቆጣቸው ፍየሎች፣ «ክትባቱ አስወረዳት» የሚሉ ባለቤቶች፣ ፀሐዩ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ክትባት ሲሠራ ምንም አይታይም። ያልታመመ በግ ማንንም አያስመሰግንም። ሕክምናውም እንደዚያው ነው፤ ላሚቷ ከሞተች ሐኪሙ ይሰማል፣ ከዳነች ግን የሚደውልለት የለም። ከብቱ በዳነ በሳምንቱ «ዶክተር፣ ተነሥታለች፣ ሣር በላች» ብሎ የአንድ ደቂቃ ስልክ መደወል ምንም አያስወጣም። ጸሐፊው የሚያውቃቸው ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ስልክ የደወለላቸውን ሰው ከነአገሩ ያስታውሳሉ፤ ጥቂት ስለሆኑ።

ወደ ድንኳኑ እንመለስ። እናትየው የሐሙሱን ታሪክ ሰምተው ሲጨርሱ ምንም አላሉም። እንጀራውን በወጥ ጠቅልለው አጎረሷት። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሟት። ጠረጴዛው ጸጥ ብሎ ነበር።

ማዶ ያለው ሰውዬ ጥቂት አቀርቅሮ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። ቀጥሎም አባቱ አገር ቤት አንዲት ላም እንዳለቻቸው፣ ትናንት ጠዋት ወልዳ የእንግዴ ልጁ እስካሁን እንዳልወጣላት፣ በስልክ ሲነግሩት ምን ማለት እንዳለበት እንደጠፋው ነገራት።

ወጣቷ የቀረውን ጉርሻ በችኮላ ዋጠች። «ትበላለች? ትኩሳት አላት? ማንም እጁን አስገብቶ እንዳይጎትተው፤ በባዶ እጃቸውም እንዳይነኩት፣ ለእሳቸውም አደጋ አለው» አለችው፤ ከዚያ የታጠበ እጇን በሶፍት እያደረቀች ተነሣች። «አባባን ደውልልኝና ራሴ ላናግራቸው፤ ወረዳቸው ያለውን ሐኪም አውቀዋለሁ።»

የሙዚቃው ድምፅ ስላላሰማቸው ሁለቱ ተያይዘው ከድንኳኑ ወጡ።