ለአዋቂው አሞክሳሲሊን፣ ለልጁ ዳማከሴ?

ፊቼ ጨምበላላ በመጣ ቁጥር ጉዱማሌ ላይ ሲዘፍንና ቄጣላ ሲጨፍር የዋለው ስንቱ ነው በማግስቱ ድምፁ ተዘግቶ የሚነሳው? ከዚያስ? «ቶንሲሌ ተነሳብኝ» ብሎ ቀጥታ ወደ ፋርማሲ። አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ ማዘዣ የሚጠይቀው የለም። ሁለት ሦስት ቀን ይውጥና የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጠዋል።

እዚያው ቤት የስምንት ዓመት ልጅ አተኩሶት፣ መዋጥ አሞት ተኝቷል። እሱን ግን «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» ብለን ዳማከሴ ጨምቀን እናጠጣዋለን።

ወዳጆቼ፣ መድኃኒቱን ለማያስፈልገው ሰጥተን ለሚያስፈልገው ነፈግን!

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው። ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መዘጋት ካለበት አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድም። በሞቀ ጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ ሻይ በማር፣ ካመመ ፓራሲታሞል፤ በሳምንት ገደማ ይለቃል። በጩኸት የተዘጋ ድምፅማ የሚፈልገው ዝምታ ነው። በከንቱ የተዋጠው እንክብል ጀርሙን ያለማምደዋል፤ በእውነት በታመምን ቀን አይሠራልንም።

የልጁ ነገር ሌላ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ድንገት ሲያተኩሰው፣ ሳል ሳይኖረው ጉሮሮው ሲቆስል፣ አንገቱ ላይ ዕጢ ሲያብጥ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ሲታይ፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ጉሮሮው ሳይታከምም ሊሽር ይችላል። ነገር ግን በአንዳንዱ ልጅ ላይ ከሳምንታት በኋላ የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ መገጣጠሚያውንና የልቡን ቫልቭ ያጠቃል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁት መካከል ጣጣቸው ከጉሮሮ የጀመረ ጥቂት አይደሉም።

ይህን የሚያስቀረው ርካሹ ፔኒሲሊን ነው፦ አንድ የቤንዛቲን መርፌ ወይም የ10 ቀን ኪኒን፣ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ። ኪኒኑ ከተጀመረ ደግሞ አሥሩም ቀን ይዋጣል። ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም መተንፈስ ከከበደው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

«ጤና ጣቢያ ወረፋው አያልቅም» ትላላችሁ። እውነት ነው። ግን የግማሽ ቀን ወረፋ ይሻላል ወይስ የዓመታት የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ?

ያለ ማዘዣ ለምትሸጡትም አንድ ቃል፦ «እኔ ባልሸጥ ጎረቤቴ ይሸጣል» ማለት ሰበብ እንጂ ሙያ አይደለም።

በሚቀጥለው ፊቼ ማግስት ድምፃችሁ ሲዘጋ ሻይ ጠጡና ዝም በሉ። ፋርማሲ ልትሄዱበት ባሰባችሁት ሰዓት ያተኮሰውን ልጅ አፉን አስከፍታችሁ ጉሮሮውን እዩለት።