በለቅሶ ቤት ለምትፈርዱ

በሮቤና በጎባ ለምትገኙ ካቶሊካውያን ምእመናን፣ በተለይም ለተከበራችሁ ሽማግሌዎች፤

በታላቅ እህቴ ሰልስት ላይ ከመካከላችሁ አንድ አንቱ የተባሉ ሰው «ራሳቸው ገድለው ያለቅሳሉ» ሲሉ ልጆቿ ሰሙ። በየለቅሶው እንዲህ ያለውን እየሰማሁ ታግሻለሁ። ከእንግዲህ ግን አልችልም።

ልጆቹ ምን አደረጉ? እህቴን የያዛት ባሌና አርሲ ጠንቅቀው የሚያውቁት የጉሮሮ ካንሰር ነው። ሐኪሙ በሽታው መሠራጨቱን፣ አዲስ አበባ ብትሄድም እንደማትድን ሳይሸሽግ ነገራት። «ቤቴ ውሰዱኝ» ያለችው እሷ ናት። ወሰዷት። መዋጥ እስኪያቅታት አጥሚት በማንኪያ፣ ካቃታት በኋላ ከንፈሯን በውሃ እያራሱ፣ ሌሊቱን እየተፈራረቁ አስታመሟት። ምስጢረ ቀንዲል ተቀብላ አረፈች።

መግደል ይህ ነው? በሬዎቹን ሸጠው፣ 430 ኪሎ ሜትር በመኪና አንገላተዋት፣ በማታውቀው ክፍል ቱቦ ተሰክቶባት ብትሞት ኖሮ ጻድቃን ትሏቸው ነበር?

ማን አስተማራችሁ? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ሲናገሩ፣ ሰው ሕይወቱን ለማቆየት የሚገደደው በተለመደው መንገድ እንጂ በራሱም በሌላውም ላይ ከባድ ሸክም በሚጭን መንገድ እንዳልሆነ አስረድተዋል። የ1980ው የቫቲካን መግለጫ ደግሞ፣ ቤተሰብን ለማይችለው ወጪ ላለመዳረግ ብሎ እንዲህ ያለውን ሕክምና መተው ራስን ከማጥፋት አይቆጠርም ይላል። ትምህርተ ክርስቶሳችንም በቁጥር 2278 ያጸናው ይህንኑ ነው። ወይስ ለባሌ ሌላ ወጥቷል?

«ማስታገሻ እያጠጡ አፋጠኗት» ያላችሁም አላችሁ። የትምህርተ ክርስቶሱን ቀጣይ ቁጥር ብታነቡ፣ ሕመምን ማስታገስ መፈቀዱን፣ ሟችን መንከባከብም የፍቅር ሥራ መባሉን ታገኙ ነበር። ያን ማስታገሻ ፍለጋ ከሮቤ ጎባ ስንመላለስ ከእናንተ አንድ ሰው አላየሁም። ዕውቀታችሁ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው።

መግደል ኃጢአት ነው፤ ሕመምተኛን ጥሎ መሄድም ኃጢአት ነው። በዚህ አንከራከርም፤ ነፍስ የእግዚአብሔር ናት እየተባልን አብረን አድገናል። ፍርዱስ የማን ነው?

ወሬያችሁን ፈርቶ አባቱን ለማሳከም የእርሻ በሬውን የሸጠ፣ ሬሳውን ይዞ በዶዶላ መንገድ የተመለሰ ጎረቤት አለኝ። ዕዳውን ማን ይክፈልለት? እናንተ?

ሽማግሌዎች፣ እባካችሁ አንድ ነገር በሉ። ካህናቱም ያስተምሩን። እኚያ አንቱም ይህን ካነበቡ፣ የልጆቹን ቤት ያውቁታል።