«ይይዛል» በሚል ቃል የታሰረ ሞተር

ዛሬ ስለ አንዲት ቁራጭ ብረት ልጽፍላችሁ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን አገባን?» እንዳትሉኝ፤ መኪና ያለውም በታክሲ የሚሄደውም ያገባዋል።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጪ ያለ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የነገረን ጥር 2016 ዓ.ም. ነበር። ውሳኔው ልክ ነው፣ አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ በእጃችን ያለው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ካረጀም በኋላ ይነዳል። ሞተሩ ሲያልቅ ሌላ ሞተር ይፈለግለታል። ያው ሞዴል ከጠፋ ደግሞ የሌላው ይገባል። የሌላ መኪና ሞተር ሲገባ የኤሲው ኮምፕሬሰር የሚታሰርበት ቦታ አይገጥምም። ያኔ ብራኬት ይሠራለታል። ያቺ ቁራጭ ብረት ይቺ ናት።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ባል የፒክአፑን ሞተር አስቀየረ። ለሞተሩ ከፈለ፣ ለኮምፕሬሰሩም ከፈለ። በያጁ «ለብራኬቱ ሁለት ቀን ስጠኝ» ሲለው ግን «ለአንድ ቁራጭ ላሜራ?» ብሎ ተቆጣ። ሥራው ከሰዓት በኋላ አለቀ። መካኒኩም በእጁ ነቅነቅ አደረገውና «ይይዛል» አለ።

እውነትም ያዘ፤ አዋሽን እስኪያልፉ ድረስ። ሚሌ ሳይደርሱ ብራኬቱ ከብየዳው ጥግ ተሰነጠቀ፣ ኮምፕሬሰሩ ዘመመ፣ ቺንጋው ወጣ። በዚያ ሞተር ላይ የውሃ ፓምፑንም ዲናሞውንም የሚያዞረው ያው አንዱ ቺንጋ ነው። አማቼ ጌጁን ቀና ብሎ እስኪያይ ቴስታታው ተጣሟል። እህቴ የሦስት ዓመት ልጇን በነጠላ ጥላ ሥር አድርጋ በዚያ የአፋር ፀሐይ መንገድ ዳር ግማሽ ቀን ዋለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

ጥፋተኛው ማነው? በያጁ ብቻ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ሁለት ቀን ጠይቆ ነበር። የከለከልነው እኛ ነን።

እስቲ ሁለት ቀን ለምን እንደሚፈጅ እንይ። ኮምፕሬሰር ከነክላቹ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ነገሩ ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ላሜራ በቻለው ነበር። ግን ክላቹ በያዘ ቁጥር ቺንጋው ኮምፕሬሰሩን በኃይል ይጎትተዋል፤ ሞተሩ ደግሞ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል። ብረት በትንሽ በትንሹ ሚሊዮን ጊዜ ሲታጠፍ ይደክማል። ስንጥቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ስለዚህ፦

1. ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ከ1.5 ሚሊሜትር ገደማ በላይ ከተዛነፉ ቺንጋው ይጮኻል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም ይወጣል። ይህ በዓይን አይታወቅም፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይፈልጋል።

2. ኮምፕሬሰሩ ከፊትም ከኋላም መያዝ አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ከተንጠለጠለ የትም አይደርስም።

3. ብራኬቱ ሙሉ በሙሉ ሞተሩ ላይ ይታሰር። ሞተር በጎሚኒ ላይ ተቀምጦ ይወዛወዛል፤ ሻሲ አይወዛወዝም። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ሻሲው ላይ ያሰረ ሰው ራሱ የሰበረው ያህል ነው።

4. ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋል። ስለዚህ ብረቱ ባትሪው ተነቅሎ በቦታው በቡሎን ይታሰርና በነጥብ በነጥብ ይያዛል። ከዚያ ወጥቶ በደንብ ይበየዳል፣ ተመልሶም እንደገና ይለካል። ሁለተኛው ልኬት ነው ሁልጊዜ የሚዘለለው።

አሜሪካ ውስጥ የሼቭሮሌት ኤልኤስ ሞተር መኪናው ላይ የሚያስገባ ሰው ለዚያው ሞተር ተብሎ በፋብሪካ የተቆረጠ ብራኬት ገዝቶ ያስራል። የእኛ ሰው ግን በካርቶን ልክ እያወጣ ከባዶ ይፈጥረዋል። ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው። የምንከፍለው ግን ለጉልበት ሥራ እንደምንከፍለው ነው።

«ኤሲ እኮ ቅንጦት ነው፣ መስኮት ይከፈት» የሚሉ አሉ። ለአዲስ አበባ ይሁንላችሁ። ሠመራ፣ ጋምቤላ፣ መተማ የሚሠራውን ሾፌር ግን ጠይቁት። ደግሞም ኤሲውን ባትከፍቱትም ፑሌጃው ከቺንጋው ጋር ይዞራል። ብራኬቱ ከተሰበረ መኪናው ይቆማል።

«የኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ ይገላግለናል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕሬሰር የራሱ ሞተር ስላለው ቺንጋ አይፈልግም። ግን ዛሬ ጠዋት የተሳፈራችሁበት ሚኒባስ በምን ይሠራል? እሱ ነገ የትም አይሄድም።

በሽታው ግን ከመኪናም በፊት ያለ ነው። ብረት ሠሪን «ቀጥቃጭ» እያልን፣ «ቡዳ» እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል። ንቀቱ ግን ዋጋ ላይ ተደብቋል። የፋብሪካ ካርቶን ለብሶ ለመጣ ዕቃ ሳንከራከር ከፍለን፣ የእጅ ሙያ ላይ ስንደርስ «ቀንስ» እንላለን። እሱም ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ልኬቱን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ባለመኪና፦ የልኬቱን ጊዜ ክፈል። ሁለት ቀን ሲልህ «ለምን?» ብለህ ጠይቀው፤ መልስ ያለው ሰው ባለሙያ ነው።

ባለሙያ፦ ስምህን ብራኬቱ ላይ ምታበት። ስምህን ለማኖር የምታፍርበት ሥራ ከሆነ አታስረክብ። «ይይዛል» ከማለትህ በፊት ለካሁት ማለት ቻል።

የቴክኒክና ሙያ ተቋማት፦ ተማሪው ቁራጭ ብረት ከቁራጭ ብረት ጋር አጣብቆ ከሚመረቅ፣ ለእውነተኛ ሞተር ብራኬት ሠርቶ፣ ፑሌጃው ተለክቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ ይፈተን።

ተቆጣጣሪ አካል፦ ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ይሰፍራል። መልካም ነው። ያንን ሞተርና በላዩ ያለውን ሁሉ ምን እንደያዘው ግን ለቦሎ በሚቀርብበት ቀን ቦኔቱን ከፍቶ በባትሪ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

አማቼ ቴስታታውን አሠርቶ ወደዚያው በያጅ ተመለሰ። ዘንድሮ ሁለት ቀን ሰጠው። ዋጋም አልተከራከረም። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ሰውዬው ማስመሪያውን ፑሌጃው ላይ አጋድሞ ሦስት ጊዜ ሲለካ አየሁ። ያን ሁሉ ችሎታ ድሮም ነበረው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ጋራዥ ያላችሁ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ሰላም ዋሉ።