ክኒኑን ማን ይስጥ?

ከሰሞኑ በጤና ሳይንስ ክፍሎች መካከል ጠንከር ያለ ክርክር ተነሥቷል። በምግብ አዳራሽ ተጀመረ፤ ዛሬ መምህራንም ገብተውበታል። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ የሐኪምነት ወይም የነርስነት ትምህርት ያልተማረ፣ ነገር ግን ለተወሰነ ሥራ የሠለጠነ ረዳት፣ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲሰጥ ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል? የፋርማሲ ክፍል ወንድሞቻችን አብዛኞቹ «ይከልከል» ይላሉ። የነርሲንግ ተማሪዎች ከሁለት ተከፍለዋል። እኛ «ይፈቀድ» ከሚሉት ወገን ነን፤ ምክንያታችንንም አንባቢ እንዲመዝነው እናቀርባለን።

ክርክሩን የቀሰቀሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ወሬ ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ፣ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ከእነርሱ መካከል በአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች በአስታማሚነት የሚሠሩ አሉ። በዚያ ግዛት ደንብ መሠረት አንድ አስታማሚ ኮርስ ወስዶ ከነርሶች ቦርድ ፈቃድ ካገኘ መድኃኒት መስጠት ይችላል። አረጋውያኑ በጥቂት እርዳታ ራሳቸውን ችለው በሚኖሩባቸው ቤቶች ኮርሱ ሃያ ሰዓት ያህል ነው፤ ሕመም የጠናባቸው በሚጦሩባቸው ቤቶች ግን ረዘም ይላል። ፈቃድ አገኘ ማለት ግን ሐኪም ሆነ ማለት አይደለም። የሰውዬውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ አወሳሰዱንና ሰዓቱን አመሳክሮ ይሰጣል፤ ይፈርማል። መጠን አይጨምርም፣ አይቀንስም። መርፌ በአብዛኛው የነርስ ነው። የረዳቱንም ሥራ የምትቆጣጠርና የምትጠየቅበት ነርስ አለች።

እንግዲህ አንድ ነገር እናስብ። የጅሌ ጥሙጋ ወይም የባቲ ልጅ በሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ለአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት የደም ግፊት ክኒኗን በሰዓቱ ያቀርብላታል። እናቱ ግን በአገሯ ተመሳሳይ ክኒን የሚያቀርብላት ሰው አታገኝም። ይህን የምንለው ልጁን ለመውቀስ አይደለም፤ የሚልከው ገንዘብ ቤቱን ይዞታል። የምንለው ገንዘቡ ክኒኑን በየወሩ ደጃፏ ስለማያደርሰው ነው።

«እኛ አገር የአረጋውያን መኖሪያ የት አለና ነው ይህ ጥያቄ የሚነሣው?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማእከሎች ቢኖሩም፣ በከሚሴና በዙሪያዋ ያለ ሽማግሌ የሚጦረው በልጁ ወይም በልጅ ልጁ ቤት ነው። አስታማሚዋም ብዙ ጊዜ የልጅ ልጁ ናት፤ እርሷም ትምህርት ቤት ትውላለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ክኒኑንም እርሷ ታስታውሳለች ወይም ትረሳለች። ስለዚህ በእኛ ዘንድ «የሠለጠነ ረዳት» ማን ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተቀምጣለች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

የዚህችን ሴት ታሪክ የዘነጋ ሰው ክርክሩን በሚገባ ሊከራከር አይችልም። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ከየአካባቢያቸው መርጦ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ትምህርታቸውን አሻሽለው ደረጃ አራት ደርሰዋል። መጀመሪያ ሥራቸው በ16 ፓኬጆች የተከፈለ ማስተማርና መከላከል ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ክትባት፣ የአጎበር አጠቃቀም። በኋላ የወባ መድኃኒት ተፈቀደላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ ተፈቀደ። የሕፃናትን የሳንባ ምች በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማከም ግን ለብዙ ጊዜ ክልክል ነበር። የክልከላው ምክንያት ዛሬ ከፋርማሲ ወንድሞቻችን አፍ የምንሰማው ነው፤ «መድኃኒቱን ያባክኑታል፣ ተሕዋስያኑን ያላምዱታል፣ በሽታውን አይለዩትም» የሚል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፖሊሲው ተለወጠ፤ ከ2011 ጀምሮ ሥራው በአገር ተስፋፋ። በ2013 ደግሞ ሪፈር ለማድረግ ለማይቻል አዲስ የተወለደ ሕፃን የጄንታማይሲን መርፌ እስከመስጠት ተደረሰ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሞት መጠን ከ1990 ጋር ሲተያይ በሁለት ሦስተኛ መቀነሷ ተነገረ። ይህ ሁሉ የእነዚህ ሴቶች ሥራ ነው ብንል ማጋነን ይሆናል። የእነርሱ እጅ የለበትም የሚል ግን የገጠር ጤና ኬላ አይቶ አያውቅም።

አሳቡም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ማሠልጠን የያዘው፣ አገሩ በሐኪም እስኪሞላ መጠበቅ ስላልተቻለ ነው። ከዚያም በታች ድሬሰሩ ነበር፤ አባቶቻችን «ዶክተር» እያሉ ይጠሩት የነበረው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ብዙ ሺህ ሕዝብ በፈጀ ጊዜ በገጠር ለሕዝቡ የቀረበው ባለ ትልቅ ዲግሪው ሳይሆን ይኸው ዓይነት ሰው ነበር።

እንግዲህ ኢምፕላኖን የምታስገባ እጅ፣ ለሕፃን መርፌ የምትወጋ እጅ፣ ለአንድ ሽማግሌ ጤና መኮንን ያዘዘለትን አምሎዲፒን ቆጥራ መስጠት አይቻላትም ስንባል ይገርመናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም።

አሁን ወደ ከሚሴ እንምጣ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአንድ በኩል ዕድለኛ ነው፤ የአዲስ አበባና የደሴ አስፋልት መሀሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ሰንበቴ ወይም ከሚሴ ከተማ የሚኖር ታካሚ መኪና አያጣም፤ ከከሚሴ ሆስፒታል በላይ ቢያስፈልገው ደሴ አለለት። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ደዌ ሐረዋ፣ ወደ አርጡማ ፉርሲና ወደ ዳዋ ጨፋ የውስጥ ቀበሌዎች የገባ ሰው ሌላ አገር ያያል። በእቅዱ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25 ሺህ ሕዝብ ነው፤ በሥሩም አምስት ጤና ኬላዎች አሉት። ለወባ አንድ ቀን መሄድ ይቻላል፤ ወባ ይድናል። የደም ግፊት ግን በየወሩ «ና» የሚል በሽታ ነው። ጉልበቱ የደከመ ሰው በየወሩ እንዴት ይሂድ? አይሄድም። ባዶውን የክኒን ልጣጭ ገበያ ለሚወጣ ሰው ይሰጣል፤ ሰውየውም ሰኞ ባቲ ሲወርድ ወይም ከሚሴ ሲገባ የሚመስለውን ገዝቶ ያመጣለታል። አምሎዲፒን ባለ 5 ሚሊ ግራም አለ፣ ባለ 10 ሚሊ ግራም አለ። ማን አየለት? «ያልሠለጠነ ሰው መድኃኒት አይስጥ» የሚሉ ወንድሞቻችን ይህን ያስተውሉልን፤ ዛሬም መድኃኒቱን የሚሰጠው ያልሠለጠነ ሰው ነው። ልዩነቱ መዝገብ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ስለ ረመዳን ደግሞ ጥቂት ማለት አለብን፤ በዚህ ክርክር ማንም ያላነሣው እርሱን ነውና። የዞኑ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በጾሙ ወር የቀን መድኃኒት ሁሉ ወደ ሱሁርና ወደ ኢፍጣር ይዛወራል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ችግሩ ትንሽ ነው። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን በሱሁር ተውጦ፣ በቆላው ሙቀት ያለ ውኃ ሲዋል፣ ሽማግሌውን ራሱን አዙሮ ሊጥለው ይችላል። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስኳሩ በቀን ሊወርድበት ስለሚችል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው ሸኾቹ ያስተምራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሰምተው ይጾማሉ። (የእኛም እናቶች በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉት ሐኪም ፈቅዶላቸው አይደለም።) ታዲያ በሻዕባን ወር ቤት ለቤት ዞራ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ «አባባ፣ ይህችኛዋን በሱሁር አይውሰዷት፤ ጾሙ ሳይገባ ጤና መኮንኑ ይይዎትና ሰዓቱን ያስተካክልልዎ» የምትል ማን ናት? ከተማ ካለው ባንኮኒ ጀርባ የቆመው ባለሙያ ነው ወይስ የጎረቤት ልጅ የሆነችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ? ቋንቋውን ታውቃለች፣ ቤቱን ታውቃለች፣ ማን ማንበብ እንደሚችልና ማን እንደማይችል ታውቃለች። የክኒኑ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው።

ከተቃዋሚዎቻችን አሳብ ሁለቱን እናከብራለን።

የመጀመሪያው፣ ወባና የሳንባ ምች በቀናት ያልቃሉ፣ የደም ግፊት ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ ሽማግሌም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ በሽታ አለበት የሚል ነው። ትክክል ነው። ስለዚህ ነው በወሰን ይፈቀድ የምንለው። ሕክምናውን የሚጀምረው ጤና መኮንን ወይም ሐኪም ይሁን። ረዳቷ የምትሰጠው የተረጋጋለትን ሰው ተከታታይ ክኒን ብቻ ይሁን፤ በሰጠች ቁጥር ግፊቱን ለክታ በመዝገብ ትጻፍ። መጠን አትለውጥ። ልኬቱ 180 በ110 ከደረሰ፣ እግር ካበጠ፣ ደረት ከወጋ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ክኒን መቁጠሯን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ ትላክ። ታካሚው በሦስት ወር አንድ ጊዜ በጤና መኮንኑ ይታይ። ኢንሱሊንን ከዚህ ውጭ አድርገናል፤ ቀዝቃዛ ማስቀመጫ በሌለበት ስለ ኢንሱሊን ማውራት ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 የተዘረጋው የፕሮግራሙ ፍኖተ ካርታ ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች ቦታ ሰጥቷል፤ እኛ የምንለው ፈቃዱ ለእያንዳንዱ መድኃኒት በስሙ ተጽፎ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነው። ረዳቷም አንድ ቀን ስሕተት ቢደርስ «ማን ፈቀደልሽ?» እንዳትባል ወረቀቱ ይጠብቃታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሆድ የወጣ ነው። «ዲግሪ ይዘን ሥራ ፈትተን ተቀምጠን፣ ሥራችንን አንድ ዓመት ለሠለጠነ ሰው ትሰጣላችሁ?» ይሉናል። ይህን በፌዝ የሚያልፍ ሰው ልብ የለውም። ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሞልተዋል፤ ይህም የመንግሥት በጀት ጉድለት እንጂ የሠራተኛ መብዛት አይደለም። ነገር ግን በደዌ ሐረዋ የውስጥ ቀበሌ የተከለከለ ክኒን አንድም ፋርማሲስት አያስቀጥርም። የተፈቀደ ክኒን ግን ያስቀጥራል፤ ምክንያቱም አምስቱን ጤና ኬላዎች እየዞረ መዝገቡን የሚያይ፣ ክኒኑን የሚቆጥር፣ ጊዜው ያለፈበትን የሚያስወግድ ባለሙያ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ያስፈልጋል። ወንድሞቻችን ለዚህ መደብ ቢሟገቱ ከጎናቸው እንሰለፋለን።

ስለ ደመወዝም ዝም አንልም። እ.ኤ.አ. በ2025 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ሥራ እስከማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባቱም፣ ቆጠራውም፣ ስብሰባውም፣ ሪፖርቱም የእርሷ ነው። በዚያ ላይ የሽማግሌ ክኒን ጨምሮ «እግዚአብሔር ይስጥልሽ» ብሎ መሄድ ግፍ ነው። በደርግ ዘመን ከየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡት የጤና ሠራተኞች በሥራው ያልዘለቁበት አንዱ ምክንያት ክፍያ ማጣታቸው ነበር። አዲስ ሥራ ሲጨመር ወይ ደመወዝ ይጨመር ወይ ከወረቀት ሥራዋ ይቀነስላት።

የመድኃኒት አቅርቦቱም ነገር አለ። ጦርነቱ ወደ ወሎ በደረሰ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በክልሉ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ባዶ መደርደሪያ ላይ ፈቃድ መለጠፍ ማሾፍ ነው። ስለዚህ ሥራው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሊደርስባቸው በሚችል ጥቂት ጤና ኬላዎች ይጀመር፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር አያስፈልግም።

የፋርማሲ ክፍል ተማሪዎች በጽሑፍ መልስ እንደሚሰጡን ነግረውናል። ቦታ ጠብቀንላቸዋል፤ ስቴንስሉ ዓርብ ስለሚመታ ጽሑፉ እስከ ረቡዕ ማታ ቢደርሰን መልካም ነው።