ለራሱ መናገር ስለማይችል ሕመምተኛ

ሕመምተኛ የሚያመውን ስፍራ በአፉ ሲናገር የሐኪሙ ሥራ እኩሌታው ተፈጸመ ማለት ነው። ራሱን ተመትቶ አእምሮውን የሳተ ሰው ግን ሕመሙን አይናገርም፤ የተሰጠውም መድኃኒት ቢጠቅመው ወይም ቢጐዳው ለማስታወቅ አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው የሚበጀውን በግምት ሳይሆን በምርምር ለይቶ ማወቅ የተገባ ነው።

ይህ ነገር አዳማንና የስምጥ ሸለቆውን ከተሞች አብልጦ ይመለከታል። ከአዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ በሞጆ ተከፍሎ፥ አንዱ በአዳማና በመተሐራ ወደ ጅቡቲ፥ ሁለተኛው በመቂና በባቱ ወደ ሻሸመኔ ይሄዳል። ጭነትና መንገደኛ ሌሊትና ቀን ስለሚመላለስበት፥ አደጋ በደረሰ ጊዜ ቍስለኛው በቅድሚያ የሚወሰደው በነዚሁ ከተሞች ወዳሉት ሐኪም ቤቶች ነው። የአዳማ ሆስፒታልም የሕክምና ኮሌጅ ስለ ሆነ፥ ማከም ብቻ ሳይሆን መርምሮ ማስተማርም ይገባዋል።

ርኅራኄ ያለ ምርምር እንደማይበቃ የሚያስረዳ ምሳሌ አለ። ሐኪሞች የአንጎልን እብጠት ይቀንሳል ብለው ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ራሳቸው ለተጐዳ ሰዎች ብዙ ዘመን ይሰጡ ነበር። በኋላ ግን 10,008 ቍስለኞች በዕጣ ተከፍለው፥ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጥቶ ተመረመረ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ውጤቱ ሲታተም፥ በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ከተቀበሉት ከመቶ 21፥ ካልተቀበሉት ከመቶ 18 ያህል መሞታቸው ተገለጠ። በመልካም አሳብ የተሰጠው መድኃኒት ይገድል ነበር።

በ2019 የታተመው ሌላው ምርምር ደግሞ፥ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም የሚያቆም መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ፥ ጉዳታቸው እጅግ ያልከፋውን ከሞት እንደሚያድን፥ ሲዘገይ ግን ጥቅሙ እንደሚያንስ አሳየ። ለመተሐራና ለመቂ ቍስለኛ እንግዲህ የመንገዱ ርዝመት ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። ምርምርም የባለጸጎች አገሮች ብቻ ሥራ አይደለም፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው ውድ መሣሪያ፥ ቍስለኛውን ዘወትር በመመልከትና አንጎሉን በፎቶግራፍ በማየት ከሚደረገው ሕክምና እንዳልበለጠ በ2012 ለዓለም ያስታወቁት የቦሊቪያና የኤኳዶር ሐኪም ቤቶች ናቸው።

«ፈቃዱን ባልሰጠ ሰው ላይ እንዴት ምርምር ይደረጋል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው እውነተኛ ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 በሄልሲንኪ ባወጣውና ቈይቶ ባሻሻለው ደንብ፥ ስለ ሕመምተኛው በሕግ የሚወክለው ሰው ይፈቅዳል፤ ጊዜ የማይሰጥ ቢሆን አስቀድሞ የሥነ ምግባር ጉባኤ ያጸደቀው ምርምር ብቻ ይጀመራል፤ ፈቃዱም እንደ ተቻለ ወዲያው ይጠየቃል። ይህ ሳይጠበቅ የሚደረግ ምርምር ግፍ ነው።

ስለዚህ ሹማምንት ቍስለኛው የተመታበትና የደረሰበት ሰዓት፥ ከ3 እስከ 15 በሚቈጥረው የግላስጎው መለኪያም የአእምሮው ሁኔታ፥ ከ6 ወርም በኋላ ያለበት ኑሮ በመዝገብ እንዲጻፍ ያድርጉ። ካህናትም ዘመዶቹ በኀዘን ሰዓት ሲጠየቁ የሚጠየቁትን አስተውለው እንዲፈቅዱ ወይም እንዲከለክሉ አስቀድመው ያስተምሩ። ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ የወደቀውን ያነሣው ሳምራዊ ቍስሉን አስሮ ብቻ አልሄደም፤ ለባለ ማደሪያው ዐደራ ሰጥቶ ተመልሶ ሊጠይቅ ቃል ገባ። የኛም ምሕረት ተመልሶ የሚጠይቅ ይሁን።